ልብ ሰቀላን በድምፅ መሥራት፦ የሦስት ደቂቃ የሌሊት ትዕይንት ከቀረጻ እስከ ሚክስ

ብዙ የልብ አንጠልጣይ ፊልም ሠሪ መጀመሪያ የሚፈልገው ሙዚቃ ነው። ኤዲቲንጉ ሳያልቅ ከኢንተርኔት የወረደ የሚያጓራ ነገር ትራኩ ላይ ይጋደማል፤ ከዚያ በኋላ እግር ቢረግጥ፣ በር ቢንቋቋ፣ ሰው ቢተነፍስ የሚሰማው የለም። ተመልካቹም ትዕይንቱ በተጀመረ በአሥረኛው ሰከንድ «አሁን ያስፈራሩኛል» ብሎ ራሱን ያዘጋጃል። እዚህ የምንሄደው በተገላቢጦሹ ነው። የቦታው ድምፅ ይቀድማል፤ ቀጥሎ ከእሱ ምን እንደምንቀንስ እንወስናለን፤ ከዚያ የማይታየው ሰው ድምፅ ይገባል፤ ሙዚቃ መጨረሻ ነው።

አብረን የምንሠራው ትዕይንት ይህ ነው። አዲስ አበባ፣ ግቢ ያለው ቤት፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት። ሴትዮዋ ብቻዋን ሳሎን ተቀምጣ ከእህቷ ጋር በስልክ ታወራለች። መብራት ይጠፋል። የግቢው በር መቀርቀሪያ ይሳባል፣ አንድ ሰው በጠጠሩ ላይ ይራመዳል፣ በረንዳው ላይ ይወጣል፣ የሳሎኑ በር እጀታ ይዞራል። ርዝመቱ 3 ደቂቃ፤ የሰውዬው ፊት አንድም ጊዜ አይታይም።

ቀረጻው ሳይጀመር፦ ማን ምን ይሰማል?

አንድ ወረቀት ላይ የትዕይንቱን ሰከንዶች ወደ ታች ጻፉ፤ ጎን ለጎን ሁለት ዓምድ አስምሩ፤ አንዱ ባለታሪኳ የምትሰማው፣ ሌላው ተመልካቹ የሚሰማው። ሁለቱ ዓምዶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ከሆኑ የሠራችሁት ድንጋጤ እንጂ ልብ ሰቀላ አይደለም። ልብ የሚሰቀለው ተመልካቹ መቀርቀሪያው ሲሳብ ሰምቶ እሷ ወሬዋን ስትቀጥል ነው። በእኛ ትዕይንት መቀርቀሪያው 0:52 ላይ ይሰማል፤ እሷ ስልኩን የምትዘጋው 1:15 ላይ ነው። እነዚህ 23 ሰከንዶች የትዕይንቱ ዋና ሀብት ናቸው። ተመልካቹ በልቡ «ዝጊው! ስልኩን ዝጊውና አዳምጪ!» እያለ የሚቀመጠው በእነሱ ውስጥ ነው።

የሰዓት አቀማመጣችን እንዲህ ነው፤ ከዚህ በታች ደጋግመን እንመለስበታለን። 0:35 መብራት ይጠፋል። 0:45 ሩቅ ውሻ ይጮኻል። 0:52 መቀርቀሪያ። 0:55 የሌሊት ፌንጣዎቹ ዝም ይላሉ። 1:15 ስልኩ ይዘጋል። 1:22 የመጀመሪያው እርምጃ። 1:56 ሙዚቃ ሳይታወቅ ይገባል። 2:10 እግሩ በረንዳው ላይ። 2:38 ሙዚቃ ይቆረጣል። 2:46 እጀታው መዞር ይጀምራል። 2:55 በሩ ይመታል።

ቀረጻ

በ48 ኪሎሄርዝ እና በ24 ቢት ቅረጹ። ትልቁ ድምፅ -12 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) አካባቢ እንዲደርስ አድርጉ፤ ከዚያ በላይ አታስጠጉት፣ የበር ምት ሳይታሰብ ይዘላልና።

ተዋናዮቹ ከመሄዳቸው በፊት ሁሉም ሰው ባለበት ቆሞ፣ ትንፋሹን ሰብሰብ አድርጎ፣ የክፍሉን ባዶ ድምፅ 60 ሰከንድ ቅረጹ። ሁለት ጊዜ፦ አንዴ ፍሪጁ እየሠራ፣ አንዴ ተነቅሎ። ይህን የዘለለ ሰው ኤዲቲንግ ላይ ይቀጣል፤ በሁለት ሾት መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት እንደ ስፌት ይታወቃል፣ የሚሸፍንበት ጨርቅም የለውም።

ፍሪጁ ሲጠፋ ያለውን ቅጽበት ለብቻው ቅረጹ። ሞተሩ ሲቆም አንድ ጊዜ ይንዘፈዘፋል፤ ውስጥ ያሉት ጠርሙሶችም ይንቀጫቀጫሉ። ማይኩን ከኋላው በኩል 30 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ አስቀምጡና አምስት ስድስት ጊዜ ድገሙት፤ በየመሐሉ ግን ጥቂት ደቂቃ ታገሡ፣ ወዲያው መልሶ መሰካት ሞተሩን ይጎዳል። ይህ ድምፅ በኋላ ከየትኛውም ሙዚቃ የበለጠ ይሠራላችኋል።

የግቢውን መቀርቀሪያ በሁለት ርቀት ውሰዱት፤ አንዱ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ሌላው ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ተዘግቶ። ፊልሙ ላይ የሚውለው የሳሎኑ ነው፤ የቅርቡን በትንሹ ታዳብሉበታላችሁ። የጠጠሩን እርምጃ፣ የበረንዳውን ሲሚንቶ፣ የእጀታውን ስፕሪንግ፣ የሮቶውን ጠብታ፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጠቅ ጠቅ የሚለውን የቆርቆሮ ጣሪያ ጨምሩ። ቆርቆሮው ቀን ፀሐይ መትቶት ሲያመሽ ይኮማተራልና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ማይክ ይዛችሁ ጠብቁ፤ ሌሊቱ ከገፋ አብዛኛው ያልፋችኋል።

በስልክ የምትቀርጹ ከሆነ በረራ ሁነታ ላይ አድርጉትና ድምፅ የሚያጣራውንና መጠኑን በራሱ የሚያስተካክለውን ነገር አጥፉ። ይህ ካልጠፋ ዝምታ ሲሆን ስልኩ ራሱ መጠኑን ይጨምራል፤ እርምጃ ሲመጣ ይቀንሳል። የክፍሉ ድምፅ እንደ ሳንባ ሲነፋና ሲሟሽሽ ከሰማችሁ ምክንያቱ ይህ ነው፣ በኋላም አይጠገንም።

ንጣፉን ማንጠፍ

የሌሊት ድምፅ አንድ ፋይል አይደለም። ሦስት ንጣፍ በሦስት ትራክ አኑሩ፦ የሩቁ ከተማ፣ የግቢው ፌንጣና ጣሪያ፣ የክፍሉ ፍሪጅና የግድግዳ ሰዓት። የስልክ ንግግሯን መነሻ አድርጉና ፍሪጁን ከእሱ 18 ዴሲቤል፣ ፌንጣውን 22፣ ከተማውን 28 ዝቅ አድርጓቸው። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፤ ጆሮ ያርማቸዋል። ሦስቱን ለየብቻ ማስቀመጥ የሚያስፈልገው በኋላ አንድ በአንድ ስለምንነጥቃቸው ነው። የተደባለቀ ፋይል ላይ ፌንጣውን ብቻ ማጥፋት አይቻልም።

ንጣፉን እየደጋገማችሁ የምትቀጥሉት ከሆነ ቢያንስ 40 ሰከንድ ይርዘም፤ ውስጡም ጎልቶ የሚታወስ ነገር አይኑር። አንድ ዓይነት የውሻ ጩኸት በየ15 ሰከንዱ ሲመለስ ተመልካቹ የሚያደምጠው ፊልሙን መሆኑ ይቀርና ኮምፒውተሩን ይሆናል።

መቀነስ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ትዕይንቱ የሚሠራውም የሚበላሸውም እዚህ ነው።

ሰው ዝምታን የሚሰማው ቀድሞ የነበረ ነገር ሲጎድል ነው። ፍሪጁ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ መኖር አለበት፤ 0:20 ላይ ተነስታችሁ እስከ 0:35 ድረስ ቀስ በቀስ 3 ዴሲቤል ጨምሩለት። ይህን ጭማሪ ማንም ልብ አይልም። ከዚያ መብራቱ ሲጠፋ ንዝረቱን፣ የጠርሙሶቹን መንቀጭቀጭ፣ ባዶውን አስከትሉ። መብራት መጥፋት ለእኛ አገር ተመልካች ማብራሪያ የማይፈልግ ነገር ነው፤ ቤቱ ድንገት ዝም ማለቱን በሰውነቱ ያውቀዋል። ዳይሬክተሩ ዝምታውን በግድ ያመጣው አይመስልም። የተዋጣ የድምፅ ሥራ ምልክቱም ይኸው ነው፤ ለእያንዳንዱ ለውጥ በታሪኩ ውስጥ ሰበብ አለው።

ቀጥሎ ፌንጣዎቹ። ሰው ሲቀርባቸው ዝም ይላሉ፤ የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ቀስ እያላችሁ አታደብዝዟቸው፤ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ቁረጧቸው። የበሩ በኩል ያሉት መጀመሪያ፣ የጓሮዎቹ ከሁለት ሰከንድ በኋላ። ውሻውም እንዲሁ ነው። ሲጮህ የነበረ ውሻ ጩኸቱን ጀምሮ ሳይጨርስ ሲቆም ከጩኸቱ ይልቅ መቆሙ ያስፈራል።

1:15 ላይ ስልኩ ሲዘጋ እስከ 1:22 የቀራችሁ የክፍሉ ባዶ ድምፅና የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነው። ትራኩን ፈጽሞ ባዶ አታድርጉት። ፍጹም ዜሮ የሆነ ዝምታ ተመልካቹን ወደ ስልኩ ወይም ወደ ስፒከሩ ይመልሰዋል፤ «ተበላሸ እንዴ?» ይላል። ፍሪጁ ተነቅሎ የቀረጻችሁት 60 ሰከንድ የሚውለው እዚህ ነው። ከ4 እስከ 7 ሰከንድ ዝምታ ይበቃል። ከ10 ካለፈ ምስሉ አንድ ነገር ማድረግ አለበት፣ ያለዚያ ውጥረቱ ይፈሳል።

እርምጃው

ጤነኛ ሰው መንገድ ላይ ሲሄድ በደቂቃ ወደ 110 እርምጃ ይራመዳል። እየሰለለ የሚመጣ ሰው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ሆኖም ፍርሃቱን የሚያመጣው ዝግታው ብቻ አይደለም፤ አለመገመቱ ነው። እኩል በእኩል የሚረግጥ እግር ከአራተኛው በኋላ ጆሮ ይለምደዋል።

መጀመሪያ ቁጥሩን አስሉ። ከግቢው በር እስከ በረንዳው 10 ሜትር ከሆነ፣ በዝግታ የሚሄድ ሰው አንድ እርምጃው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነውና ከ16 እስከ 17 እርምጃ ይወስድበታል፤ 16 እንያዝ። እንዲህ ክፈሉት፦ 5 እርምጃ፣ 3 ሰከንድ ማቆም፤ 4 እርምጃ፣ 5 ሰከንድ ማቆም፤ 4 እርምጃ፣ 6 ሰከንድ ማቆም፤ 3 እርምጃ። እርምጃዎቹ እየቀነሱ መቆሙ እየረዘመ ይሄዳል። ይህ 1:55 አካባቢ ያደርሳችኋል። ከዚያ 15 ሰከንድ ምንም እግር አይሰማም፤ 2:10 ላይ ሁለት እርምጃ፣ አሁን በሲሚንቶ ላይ።

ጠጠሩ ወደ ሲሚንቶ ሲለወጥ ተመልካቹ ሰውዬው የት እንደደረሰ ሳያይ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ፊልሙ ውስጥ ቀደም ብሎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሴትዮዋ ራሷ ከገበያ ስትመለስ ጠጠሩን ረግጣ በረንዳው ላይ ስትወጣ አሰሙት። ጆሮ ያንን ካርታ ይይዛል። ይህ ዝግጅት ከተዘነጋ የሌሊቱ ሲሚንቶ ተራ ድምፅ ሆኖ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው።

ቅርበቱን በመጠን ብቻ አትሥሩ። ሜዳ ላይ ርቀት በግማሽ ሲያጥር ድምፅ ወደ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ከግድግዳ ጀርባ ያለ ድምፅ ግን ቀጭኑ ክፍሉ ተበልቶ ወፍራሙ ብቻ ነው የሚያልፈው። የመጀመሪያዎቹን አምስት እርምጃዎች ከ900 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) በላይ ያለውን ቁረጡላቸው። በየምዕራፉ ከፍ አድርጉት፤ መስኮቱ አጠገብ ሲደርስ እስከ 4,000 ይከፈት። በአንጻሩ ሪቨርቡ (ማስተጋባቱ) እየቀነሰ ይሂድ። ከግራ ወደ ቀኝ ማዘዋወሩን አትመኩበት፤ ብዙው ሰው በስልክ ስፒከር ነው የሚያየው።

ለሰውዬው መለያ ድምፅ መስጠት ከፈለጋችሁ አንድ ብቻ ስጡት፤ የቁልፍ ማንቃጨል ወይም አንዱን እግር መጎተት ይበቃል። በ1931 የወጣው የፍሪትዝ ላንግ «ኤም» ነፍሰ ገዳዩን በፉጨቱ ነበር የሚያሳውቀው፤ የሚያፏጨው የግሪግን ዜማ ነው፣ ያወቀውም ፊኛ የሚሸጥ ዓይነ ስውር ነው። መለያው ቀደም ብሎ ምንም ስጋት በሌለበት ቦታ ካልተሰማ ሌሊት ላይ ትርጉም አይኖረውም።

ሙዚቃ

ሙዚቃ ከመጨመራችሁ በፊት ትዕይንቱን እስካሁን ባለው ድምፅ ብቻ እዩት። ካልያዛችሁ ሙዚቃ አያድነውም፤ ወደ እርምጃው ተመለሱ። ሂችኮክ በ1963 «ዘ በርድስ»ን የተለመደው ዓይነት የፊልም ሙዚቃ ሳይኖረው ነው የሠራው፤ ወፎቹ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተፈጠሩ ድምፆች ነበሯቸው፣ ያም በቂ ነበር።

ለእኛ ትዕይንት የሚበቃው አንድ ማሲንቆ ነው። ተጫዋቹ አንድ ኖታ፣ ላ ላይ ተስተካክሎ፣ 220 ሄርዝ፣ ደጋኑን በጣም ቀስ አድርጎ ለአንድ ደቂቃ ይሳብ። ማይኩ 40 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የጭራው ፍትጊያ መሰማቱ ጥሩ ነው፤ አታጽዱት። ከተቀረጸው ውስጥ ኖታው የማይዋዥቅበትን ክፍል መርጣችሁ አራዝሙትና ቅጂውን በሌላ ትራክ አስቀምጡ። አሁን ቅጂውን ወደ 221 ሄርዝ ከፍ አድርጉት፤ ይህ 8 ሴንት ያህል ነው (አንድ ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው)። ሁለቱ አብረው ሲጮኹ ድምፁ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያብጣል፣ ይሟሽሻል፤ የሁለቱ ልዩነት ስንት ሄርዝ እንደሆነ በሰከንድ ያን ያህል ጊዜ ይመታልና። ከ1:56 እስከ 2:38 ባሉት 42 ሰከንዶች ቅጂውን ቀስ በቀስ ወደ 226 ሄርዝ አውጡት፤ 47 ሴንት አካባቢ ይሆናል። ምቱ በሰከንድ ስድስት ይደርሳል። መጠኑ አልጨመረም፣ ዜማ የለም፣ ከበሮ የለም፤ ተመልካቹ ግን ደረቱ ሲጠብበት ይሰማዋል። ይህን ዘዴ ከብዙ ውድ የድምፅ ስብስብ እንመርጠዋለን።

ዜማ መጨመር ግድ ከሆነ ሁለት ኖታ ይብቃ፣ በመካከላቸው ግማሽ ድምፅ ብቻ ይኑር። ጆን ዊሊያምስ በ1975 ለ«ጆውስ» የጻፈው የሻርኩ ሙዚቃ ከሚ ወደ ፋ ከሚመላለሱ ሁለት ኖታዎች ነው የሚነሳው። እኛም በቤታችን አለን፤ አንቺ ሆዬ ከዶ ሲነሳ ሬው በግማሽ ዝቅ ያለ ነው፣ ሶሉም እንዲሁ፤ ዶንና ያን ሶል አንድ ላይ ስታስነሱት ጆሮ ይሻክራል። ነገር ግን ከቅኝቱ ሁለት ኖታ ውሰዱ እንጂ የታወቀ ዜማውን አትንኩ። ሦስት አራት ኖታ በተለመደው መንገድ ከተከተሉ ተመልካቹ ሰርግ ቤት ይገባል። በገናንም በዚህ ቦታ አንመክርም። ንዝረቱ እጅግ ያምራል፣ ያስፈራልም፤ ግን ሰሚው የዓቢይ ጾምንና ጸሎትን ያስባል፤ ነፍሰ ገዳይን ከዚያ ጋር ማጣበቅ ታሪኩን ወዳልታሰበ ቦታ ይወስደዋል።

ሙዚቃው ሲገባ መታወቅ የለበትም። 1:56 ላይ የቆርቆሮው ጣሪያ አንዴ ጠቅ ይበል፤ ማሲንቆው ከእሱ ሥር ተደብቆ ይነሳና በ8 ሰከንድ ውስጥ ይድረስ። ሲወጣ ግን በተቃራኒው፦ 2:38 ላይ በአንድ ፍሬም ቁረጡት። ትንፋሿ ብቻ ይቀራል። ከዚያ 8 ሰከንድ በኋላ እጀታው። ሙዚቃውን እስከ እጀታው ድረስ የሚጎትቱ ብዙ ናቸው፤ የእጀታው ስፕሪንግ ትንሽዬ ድምፅ በዚያ ውስጥ ትሰምጣለች፣ የትዕይንቱ ትልቁ ነገር ግን እሷ ናት።

ሙዚቃ ለተመልካች የሚሰጥ ቃል ነው። በ«ጆውስ» ውስጥ ልጆች የውሸት ክንፍ ይዘው ሲያሾፉ የሻርኩ ሙዚቃ አይሰማም፤ ሙዚቃው ሲመጣ ሻርኩ አለ። በኋላ ሻርኩ ያለ ሙዚቃ ብቅ ሲል የሚያስደነግጠው ይህ ቃል ስለተጠበቀ ነው። ማሲንቆውን ድመት ለምታልፍበት ትዕይንት ካባከናችሁት ለሰውዬው የሚተርፍ የለም። የልብ ምት ድምፅም እንተወው፤ አገልግሎ አልቋል።

ምቱ

2:55 ላይ በሩ ይመታል። ከሦስት ነገር ሥሩት፦ ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ያለ ስለታም ጠቅታ፣ 300 አካባቢ ያለ የእንጨት አካል፣ ከ60 እስከ 80 ያለ ወፍራም መሠረት። ከፊቱ ካለው ድምፅ በጣም ይብለጥ፤ ከጆሮ አቅም ግን አይለፍ። ምቱ የሚጎላው ፊቱ ባለው ጸጥታ ነው፣ ስለዚህ ምቱ ደካማ መስሎ ከታያችሁ ምቱን ከማሳደግ በፊት ከ2:38 በኋላ ያለውን 2 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉና ደግማችሁ ስሙ። ከምስሉ ጋር በአንድ ፍሬም ላይ ይረፍ፤ ቀድሞ የመጣ ድምፅ ከዘገየው ይልቅ ቶሎ ይታወቃል። በአንድ ትዕይንት አንድ ምት ይበቃል።

ሚክስ፣ ለስልክ ጭምር

የስልክ ስፒከር ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም። ስቱዲዮ ውስጥ ወንበር የሚያርገፈግፈው የ40 ሄርዝ ጉርምርምታ ስልክ ላይ ባዶ ነው። የወፍራሙን ድምፅ ቅጂ ወስዳችሁ በሳቹሬሽን (ድምፅን በሚያሻክር ማጣሪያ) ትንሽ አሻክሩት፤ ከ300 እስከ 800 ሄርዝ ያሉ ልጆቹ፣ ማለትም ከእሱ የሚወጡ ቀጫጭን ድምፆች፣ ይወለዳሉ፣ ጆሮም ከእነሱ ተነስቶ ዋናውን ያለ ይመስለዋል። ጸጥ ያሉት ክፍሎች ከምቱ ከ30 ዴሲቤል በላይ ካነሱ ደግሞ ታክሲ ውስጥ በስልክ የሚያይ ሰው እርምጃውን ጭራሽ አይሰማም። ለሲኒማ ቤት ይህን ልዩነት ማስፋት ትችላላችሁ፤ ለኦንላይን አጥብቡት።

ዩቲዩብ ላይ የሚወጣ ከሆነ -14 ላፍስ (LUFS፣ የአማካይ ጉልህነት መለኪያ) አካባቢ የሚለካው መላው ፊልሙ ነው፤ ይህን ትዕይንት ብቻ ለክታችሁ ወደዚያ ለመግፋት አትሞክሩ፣ ዝምታውን ታጠፉታላችሁ። ከፍተኛው ጫፍ ከ-1 ዴሲቤል አይለፍ። ለአውሮፓ ደረጃ ለሚሠሩ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች መለኪያው -23 ላፍስ ነው፤ ሁለት የተለያየ ፋይል አውጡ።

ከቀረጻው ላይ እንንን የሚል ድምፅ ከቀረ የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው፤ 50 ሄርዝ ላይ በጠባቡ ቁረጡት፣ ከዚያ 100 እና 150 ላይ። ከ0:35 በፊት ቢቀር ፍሪጁ ይሸፍነዋል። ከ0:35 በኋላ ግን አንድም እንዳይተርፍ በጆሮ ማዳመጫ ደጋግማችሁ ፈትሹ፤ መብራት በጠፋበት ቤት ውስጥ የመብራት ድምፅ ሊኖር አይችልም።